ወንድምጋሼ ሣህሌ፣ ማሩና የጉበቱ በረዶ

ስሜ በላይነሽ ነው። ቦንጋ ገበያ ዳር የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ስቆጣ ድምፄ ባጃጅ ተራ ድረስ ይሰማል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የምነግራችሁ ግን ስለኔ ሳይሆን ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ሣህሌ ነው። በመሀል ደጋግሜ ስጮህ ብትሰሙ አትፍረዱብኝ፤ እሱን የመሰለ ወንድም ያላት ሴት ሳትጮህ አትውልም።

ወንድምጋሼ የሚኖረው ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ማንኪራ የሚባል ቀበሌ ነው። ኑሮው የጫካ ቡናና ንብ ነው። ንብ ስላችሁ ጓሮ ውስጥ ደርድሮ የሚጠብቃት እንዳይመስላችሁ። የኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ ሽቅብ ሲያዩት አንገት በሚያሳምም ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። እሱ ገመዱን በወገቡና በግንዱ ዙሪያ አዙሮ እንደ ቀልድ ይወጣዋል። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ሲወጣ አንድ ቀን አልወደቀም። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶትም እንኳ ጎረምሶቹ የፈሩት ዛፍ ሲኖር የሚጠራው እሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን የዛፉ እኩሌታ ላይ ቆመ። ደውላ የነገረችኝ ሚስቱ አልጣሽ ናት። ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ግንዱን አቅፎ ብዙ ቆየ፣ ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምግብ አስጠላው፣ ከሳ፣ ቀኝ ጎኑን ደግፎ መሄድ ጀመረ። ሲጠይቁት ድካም ነው ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው፣ ሆስፒታል አያውቀውም፣ ቅጠል ይጠጣ ብሎ ይመክራል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሱቄን ዘግቼ ማንኪራ ወረድኩና፣ እንደ ልጅ እጁን ይዤ ቦንጋ ሆስፒታል አመጣሁት።

አልትራሳውንድ የምታነሳው ልጅ እየሳቀች ነበር የጀመረችው። ቀኝ ጎኑ ላይ ስትደርስ ሳቋን ተወችና ያንኑ ቦታ ደጋግማ አየችው። ጅማ ላኩን። ጅማ ሲቲ ስካን ተነሣና ነገሩ ለየ። ለካስ ለብዙ ዓመት አንድ ቫይረስ ጉበቱ ውስጥ ተቀምጦ ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። በዚያ ጠባሳ መሀል ደግሞ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ዕጢ በቅሏል። ቆርጠው እንዳያወጡት የቀረው ጉበት አይችልም። ዝም ብለው እንዳይተውት ያድጋል፤ ካደገ ደግሞ የሚደረግ ነገር የለም። ወንድምጋሼ ግን ሐኪሙን አመስግኖ፣ ቆሞ ተራውን ለሚጠብቀው ሰው ወንበሩን ለቀቀለት።

ተስፋ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከውጭ አገር የሐኪሞች ቡድን ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ይመጣል፣ ዕጢውን እዚያው ጉበቱ ውስጥ እንዳለ በበረዶ የሚገድል መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጥቂት ሰዎች ይመረጣሉ ተባለ። ወንድምጋሼ ተመረጠ። እኔ እልል ያልኩት የጅማው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው፤ ጥበቃው መጥቶ ገሠጸኝ።

አዲስ አበባ የተቀበለን ዶክተር ነቢዩ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ከፈረንጆቹ ጋር እየሠራ ሙያውን የሚማር እሱ ነበር። የማያስፈራራ ልጅ ነው፤ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። መርፌው ቀጭን ነው፣ ከስፌት መኪናዬ መርፌ ብዙም አይወፍርም፣ ርዝመቱ ግን ክንድ ይደርሳል። በሲቲ ስካኑ ምስል እያዩ በጎድን አጥንት መሀል አሳልፈው ዕጢው ውስጥ ይተክሉታል። ከዚያ በውስጡ ጋዝ ሲለቁበት የመርፌው ጫፍ ዙሪያ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ዕጢውን ውጦ ይገድለዋል። ቀዝቅዞ፣ ቀልጦ፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። ሆድ አይከፈትም። ችግሩ ጉበት በትንፋሽ ሽቅብ ቁልቁል የሚል መሆኑ ነው። ሰውየው ትንፋሹን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ካላቆመ መርፌው የታለመለትን ቦታ አያገኝም። የወንድምጋሼ ዕጢ ደግሞ ከጉበቱ ጫፍ፣ ከሳንባው ሥር ነው ያለው። ጊዜ የሚፈጀው ይኸው የትንፋሹ ነገር ነው አለን። ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ይሄዳል።

የኛ ተራ ሐሙስ ነበር። ከወንድምጋሼ ጋር ሁለት ሰዎች ተመድበዋል። አንዷ ኸይሪያ ናት፤ ከጅማ የመጣች የሁለት ልጆች እናት፣ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላት። ሌላው ተስፋሁን፣ የኛው አገር የሺሺንዳ ነጋዴ ነው፤ ከኛ ጋር በአንድ አውቶቡስ ነው የመጣው። የሦስቱም በሽታ አንድ ነው፤ የሦስቱም ዕጢ ትንሽ ነው፣ ግን የሚጠብቅ አይደለም። ሲስተር ዕፀገነት የምትባለው ነርስ ረቡዕ ማታ መጥታ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ምግብ እንዳትቀምሱ፣ ውሃም እንዳትጠጡ ብላ አስጠነቀቀች። ሦስቱም እሺ አሉ። እኔም ሰምቻለሁ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ተረኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ወረቀት ላሟላ ካርድ ክፍል ሄድኩ። ይሄኔ ነው ጉዱ የተሠራው።

በአገራችን ወግ አንድ ዛፍ የሚወጡ ሰዎች ከመውጣታቸው በፊት ምግብ አይነኩም፤ ከባድ ሆድ ገመድ ላይ አያምርም ይል ነበር አባታችን። ከአንድ ሰፈፍ ማር ግን ሁሉም ይቀምሳሉ። አንዱ ቀምሶ አንዱ ከቀረ ያን ቀን ዛፍ አይወጣም። ወንድምጋሼ በዚህ ነው ያደገው። ለሱ ማር ማለት ፍርሃትን ማባረሪያ ነው እንጂ ምግብ ተብሎ አያውቅም፤ ውሃማ ጭራሽ አይደለም። ኸይሪያ የሻሽዋን ጫፍ ስትቋጥር ስትፈታ አየ። ተስፋሁን ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ከማንኪራ በብልቃጥ ይዞት የመጣውን ነጭ ማር ከነሰፈፉ አወጣና ዛሬ የምንወጣው አንድ ዛፍ ነው ብሎ ለሦስት ቆረሰው። ትልቅ ሰው ሲሰጥ እምቢ አይባልም። በሉ። እሱም በላ።

አንድ ሰዓት ላይ ሲስተር ዕፀገነት ኸይሪያን ልትወስድ መጣች። ምንም አልቀመሳችሁም አይደል ብላ ጠየቀች። ኸይሪያ መዋሸት የማታውቅ ሴት ናት፤ ከጋሽ ሣህሌ ማር በቀር ምንም አለች። ሲስተር መዝገቧን ዘጋችው።

ወረቀቴን ጨርሼ ስመለስ ክፍሉ ለቅሶ ቤት መስሏል። ዶክተር ነቢዩ ቆሞ ያስረዳል። ማደንዘዣ ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ስምንት ሰዓት መጠበቅ አለባቸው። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈቀደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የድንገተኛ ሕመምተኞች ነው። የሐሙስ ቀን አለቀ። የቀረው ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ መሣሪያው ይታሸጋል፣ ቡድኑ በማታው አውሮፕላን ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው ለሁለት ሰው ነው። ሦስተኛው ቡድኑ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን እሱም አያውቅም።

ማን ይቅር የሚለውን ሐኪሞቹ ሊነጋገሩበት ሲነሡ ወንድምጋሼ ተነሣ።

"ያበላኋቸው እኔ ነኝ። የሚሰረዘው የኔ ስም ነው" አለ።

አቤት የጮህኩት ጩኸት! ለአልጣሽ ምን ብዬ ልንገራት አልኩት። ከቦንጋ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ የተንከራተትነው ማር ልታድል ነው ወይ አልኩት። ማር የሚበላው ማንኪራ ነው፣ እዚህ ሆስፒታል ነው አልኩት። እነሱም ሆዳሞች ናቸው፣ እምቢ አይሉም ነበር ወይ አልኩ፤ ይህን ያልኩት ኸይሪያ ፊት ነው፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ደግሞ ልክ ነሽ በላይነሽ አለኝ። ልክ ነሽ ሲለኝ ባሰብኝ፤ ወጥቼ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ተከትላኝ የመጣችው ኸይሪያ ናት። አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ በዓመት አንድ ወር ሙሉ የምጾም ሴት ነኝ እትዬ በላይነሽ፣ ወንድምሽ ግን በአንድ ጣት ማር አስፈሰከኝ ብላ ሳቀች። ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ፤ የምትፈራው መርፌውን ሳይሆን ትንፋሹን ነው። ሲስተር ስታለማምዳት አንዴ አብዝታ ትስባለች፣ አንዴ ያስላታል፣ ሁለቴ አንድ ቦታ ላይ አላቆመችም።

ወንድምጋሼ ከተስፋሁን ጋር በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። አማርኛው እንደኔ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ያን ዕለት ግን ሲናገር የሚያቋርጠው አልነበረም። ንብ የሰው ትንፋሽ ሲነካት ትቆጣለች አለ። ዛፍ ጫፍ ላይ ቀፎ የከፈተ ሰው የሚሮጥበት የለውም፤ ትንፋሹን ካላሠለጠነ ይሞታል።

"አየር አትሙሉ። የሞላ ሰው ይንቀጠቀጣል። በራሱ የሚወጣው ይውጣ፣ የቀረውን እዚያው ዝጉት" አላቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ኸይሪያንና ተስፋሁንን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ አስተማራቸው። ወጣ፣ ዝጋ፣ ቆይ፣ ልቀቅ። አንድ ነጥብ እያዩ፣ ትከሻ ሳያነሱ። መጀመሪያ ላይ አንድ ቦታ ማቆማቸውን በምን እንደምናውቅ ግራ ገባን። ሜትር ከቦርሳዬ አይለይም፤ አወጣሁትና የኸይሪያን ጎድን በልብሷ ላይ ለካሁት። ትንፋሿን ስትዘጋ ሰማንያ አራት አለ። ቀጥሎ ሰማንያ ሰባት። ቀጥሎ ሰማንያ ሁለት። ወንድምጋሼ ራሱን ነቅንቆ እንደገና አላት። አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ሜትሩ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ሰማንያ አራት ላይ ቆመ። ተስፋሁን እልኸኛ ነው፤ በሴት አልበለጥም ብሎ ሲታገል ቆይቶ ከሷ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ያዘው። ሲስተር ዕፀገነት በዚያ ስታልፍ ቆማ አየች፤ ሄዳ ዶክተር ነቢዩን ጠርታ መጣች። እሱም ሜትሬን ተቀብሎ ራሱ ለካቸው።

እኔ የልፋታቸው ትርጉም አልገባኝም ነበር። ለሌላ ሰው የሚደክመው ስሙ የተሰረዘበት ሰው ነው። ማታ ለአልጣሽ ደውዬ ቀጠሮው ተራዘመ አልኳት፤ እውነቱን መናገር አልቻልኩም።

ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኸይሪያ ገባች። ለወንድምጋሼ ዳቦና ሻይ ገዝቼ አመጣሁለት፤ አንተ እንኳ ብላ አልኩት በንዴት። ተቀበለኝ። እኔ የዕቃ ማሸጉን ነገር ለማጣራት ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፍቶ ኸይሪያ በአልጋ ወጣች። ሦስት ሰዓት ይፈጃል የተባለው በሁለት ሰዓት አለቀ። ተስፋሁን ገባ። አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እሱም ወጣ።

ወዲያው ዶክተር ነቢዩ ጭንብሉን አገጩ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ፊቱ በርቷል። እንዲህ ትንፋሽ የሚይዝ ሕመምተኛ አይተን አናውቅም፣ ፈረንጆቹ ማን አሠለጠናቸው እያሉ ነው አለ። ከዚያ ወንድምጋሼን አየውና ፊቱ ተለወጠ።

"ሁለት ሰዓት ተርፎናል። መርፌውም አለ። ግን ጋሽ ሣህሌ፣ ዛሬ በልተዋላ" አለው።

ያበላሁት እኔ ነኝ። ዳቦውን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት።

"አልበላሁም" አለ ወንድምጋሼ።

ዶክተሩ አላመነውም። ሻዩስ አለ። ሻዩንም አልጠጣሁም አለው። ሮጬ አግዳሚው ሥር ያለውን ፌስታል ከፈትኩ፤ ዳቦው እንደተጠቀለለ ነው፣ ሻዩ በርዶ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቷል። ለምን ብሎ ጠየቀው ዶክተሩ። ወንድምጋሼ የሚጠየቅ ነገር ባለመሆኑ ተገርሞ አየው።

"እነሱን እንደገና ያስራብኳቸው እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ እበላለሁ?" አለ።

ዶክተር ነቢዩ ሲስተርን በስሟ ጠርቶ አልጋ አምጪ አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው እሱ እንደነገረኝ ነው። ቆዳውን አደነዘዙለት፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡት፣ ግን አልተኛም። መርፌው ሲገባ እንደ ግፊት ተሰማው። ትንፋሽህን ያዝ ሲሉት ያዘ፣ ልቀቅ ሲሉት ለቀቀ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠረም። በረዶው ሲጀምር ቀኝ ትከሻው ድረስ ቅዝቃዜ ተሰማው። ዶክተር ነቢዩ ምስሉን ወደሱ አዙሮ አሳየው። ግራጫ ጉበት ውስጥ ጥቁር ክብ ነገር ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ያ ነው በረዶው አለው። ዕጢው ውስጡ ጠፍቷል። ወንድምጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን ሲል ዶክተሩ ሳቀና አሁን አይናገሩ ጋሽ ሣህሌ አለው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ወጣ። በአንድ በር ሰውየው፣ በሌላ በር የታሸጉት ሣጥኖች ወጡ። አልጋውን ይዤ አብሬ እየሄድኩ ስለ ሐሙሱ ስድብ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሁለተኛ ማር ይዘህ ሆስፒታል ብትሄድ እህት አለኝ እንዳትል የሚል ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ።

መጋቢት ላይ ሦስቱም ጅማ ለምርመራ ተቀጠሩ። የወንድምጋሼ ዕጢ ሞቷል ተባለ። የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው፤ ለቫይረሱ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል፣ በየሦስት ወሩ ይታያል። የኸይሪያም ሞቷል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለች። የተስፋሁን ግን በአንድ ጎኑ ትንሽ ቀርቷል። የሱ ስህተት አይደለም። ዕጢው ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ነበርና የደሙ ሙቀት በረዶውን ከለከለው አሉት። ግንቦት ላይ ቡድኑ ስለሚመለስ ሁለተኛ ይደረግለታል ተባለ። ሺሺንዳ ያለች ሚስቱ አራስ ናት፤ ብቻውን ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ግንቦት ማለት ነጩ ማር የሚቆረጥበት ወር ነው። ወንድምጋሼ ዛፍ እንዳይወጣ ቢከለከልም ከታች ሆኖ ቀፎ የሚቀበል፣ ሥራውን የሚመራ እሱ ነው። ጠዋት ሱቄ መጥቶ ከተስፋሁን ጋር አዲስ አበባ ልሄድ ነው ሲለኝ መቀሱን አስቀመጥኩ። ገና ያላገገምክ ሰው ነህ አልኩት፣ ማሩን ማን ይቀበል አልኩት፣ ስምህ ለዚህ አልተጻፈም አልኩት። ባጃጅ ተራ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ጨርሼ ዝም ስል አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብሎ ተነሣና ሄደ።

የተስፋሁን ተራ ማክሰኞ ነበር። ያን ቀን ሱቄን በጊዜ ከፈትኩ። ጎረቤቴ ሜሪ እንደ ወትሮው ቁርስ አመጣችልኝ፤ ቋንጣ ፍርፍር ነበር፣ የምወደው። አስቀምጪው አልኳት። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እጅጌውን ገልብጬ ገጠምኩት፤ ፈታሁት፣ እንደገና ገልብጬ ገጠምኩት። ሜሪ ሳህኗን ልትወስድ መጥታ ፍርፍሩ እንዳልተነካ ስታይ ምነው አሞሽ ነው ወይ አለችኝ። ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ለሷ ምን ብዬ ልንገራት፤ ራሴም አላወቅሁትም ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ወንድምጋሼ ነው።

"ወጥቷል። የቀረውንም በረዶው ውጦታል ብለዋል። አሁን ምግብ ስለፈቀዱለት ልንበላ ነው" አለኝ።

"ብሉ፤ እኔም ገና ልበላ ነው" አልኩት።